የሜሮን ሻንጣና የእናቴ ነጠላ

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት በጸደይ ነው። የዚህን አገር ጸደይ ማለቴ ነው፤ እኛ ዐቢይ ጾምን የያዝንበት፣ እዚህ ደግሞ በረዶው ቀልጦ በየመንገዱ ዳር ጨውና አሸዋ ብቻ የሚቀርበት ወቅት። ከቅዳሴ ወጥተን ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆመናል። ድራይቭ የምታደርገው ልጄ ሜሮን ናት። እኔ ነጠላዬን አጣጥፌ ጭኔ ላይ አስቀምጫለሁ።

«እማ፣ ማላዊ ልሄድ ነው» አለችኝ።

«ማላዊ የት ነው?»

«አፍሪካ። ወደ ታች። ለስድስት ወር፣ ቮለንቲር ነው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው ሰው ክላክስ አደረገ።

«ደግ» አልኩ።

እኔ ብዙ ቃል የለኝም። ደስ ሲለኝም «ደግ» እላለሁ፣ ሲጨንቀኝም «ደግ» እላለሁ። ሜሮን የትኛው እንደሆነ ሳይገባት አልቀረም፤ ቤት እስክንደርስ ሙዚቃ አልከፈተችም። ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። አባቷ ካረፈ ወዲህ ሴንት ፖል ባለው ቤታችን እኔና እሷ ብቻ ነን። ቀን ቀን ዉድበሪ ያለ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች፤ ማታ የመኪናዋን ድምፅ ስሰማ ነው እራት የማሞቀው። ተመስገን፣ ከዚህ ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም። ያን ቀን ግን ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ጠዋት ታጥቦ የተደረደረውን ሰሃን አውርጄ እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት ጀርባዬን እንደሰጠኋት።

«ሴቶቹ ማኅበር አላቸው። ስፌት ነው። ለተማሪ ልጆች ፓድ ይሰፋሉ፤ የሚታጠብ ዓይነት። ፒሪየድ ሲመጣባቸው ስኩል ይቀራሉ እኮ እማ። አንዳንዶቹ በዚያው ይቀራሉ።»

«እሺ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ሴቶቹ ሸጠው ገንዘብ ያገኛሉ፣ ልጆቹ ይማራሉ። ውሜንስ ኢምፓወርመንት ነው።»

በእኛ ጊዜ «ሴቶችን ማደራጀት» ይባል ነበር። ይህን አልነገርኳትም። ያንን ሌላውን ቃል፣ «ፒሪየድ» ያለችውን፣ እንደ ዳቦ አንስታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ግን ፊቴ ጋለ። እኛ ቤት ስም አልነበረውም። አንዲት ሴት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ ስትሳለም ያያት ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አይጠይቃትም። እዚህም ያው ነው። የፓርኪንጉ ጥግ መኪናዋ ውስጥ ሙቀት ከፍታ፣ ቅዳሴውን በስልኳ የምትከታተል ሴት ካየን እንዳላየን እናልፋታለን። ሜሮን ትንሽ ሳለች እንዲሁ መኪና ውስጥ አብረን ቁጭ ብለን፣ «ማሚ፣ ለምን አንገባም?» ስትለኝ «እግሬን አሞኛል» እላት ነበር። አንድ ቀን ሄዳ ለቄሱ ነገረቻቸው። ለእግሬ ጸበል ላኩልኝ። እኔም ምን ላድርግ፣ ተቀብዬ እግሬን ቀባሁት።

በሳምንቱ ፊሊፕስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የቤት ዕቃውን ደጅ አውጥቶ ከሚሸጥ ሰው አሮጌ የስፌት መኪና ገዝታ መጣች። ቤዝመንት አወረደችው። ክዳኑን ስታነሣው እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ መጣብኝ። የማሽን ዘይት፣ አሮጌ ክርና ትንሽ የዛገ ብረት። ሽንኩርቱን መክተፍ ትቼ ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ያ ሽታ አዲስ አበባ፣ ከሰባ ደረጃ ግርጌ ወደነበረው የቀበሌያችን አዳራሽ ወሰደኝ። የሴቶች ማኅበር ስፌት የሚያስተምረው እዚያ ነበር። በመስኮቱ ትይዩ በእግር የሚረገጡ መኪናዎች ተደርድረዋል፤ ሁላችንም አንድ ላይ ስንረግጥ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ይመስላል። አስተማሪያችን ወይዘሮ አልማዝ እርሳሷን አፍሮዋ ውስጥ ትሰካና ኋላ ስትፈልገው ታጣዋለች። እኛ እየሳቅን ዝም እንላለን። ግድግዳው ላይ ብዙ መፈክር ተለጥፎ ነበር፤ ምን ይል እንደነበር ጠፍቶብኛል። የሎሚ ቀለም ያለው ፖፕሊን በእጅ ሲዳሰስ ምን እንደሚመስል ግን ዛሬም ጣቴ ላይ አለ። በዚያን ጊዜ በሳንቲም አውቶቡስ ተሳፍሮ መርካቶ ደርሶ፣ አቡጀዲ በሜትር አስቆርጦ፣ ከመልሱ ለውዝ ገዝቶ መመለስ ይቻል ነበር። ከአዳራሹ ማዶ፣ ከመንገዱ ማጠፊያ ላይ አንድ ፎቶ ቤት ነበር። መስታወቱ ላይ የሙሽሮች ፎቶ ይሰቀላል። የሞዴል መጽሔት የሚባል ነገር በእጃችን ስለሌለ ከትምህርት ስንወጣ እዚያ ቆመን የሙሽሮቹን እጅጌና አንገት በዓይናችን እንለካለን። ባለቤቱ ብቅ ብሎ «እናንተ ልጆች፣ ባሎቹን ነው ቀሚሱን የምታዩት?» ይለናል። የመጀመሪያ ገንዘቤን ያገኘሁት ሰው ጠግቦ ከጣለው ፋሽን ነው፤ ቤልቦተም ሱሪ አልፎበት ስለነበር የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ለማጥበብ ተሰለፈ። የተረፈውን ቁራጭ ሰብስቤ ለእናቴ የትራስ ልብስ ሰፋሁላት።

ኋላ በስደት ናይሮቢ ያኖረኝ ያ ሙያ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርቤ አላደርኩም። ሚኒሶታ ከመጣሁ ግን ነርሲንግ ሆም ሥራ ገባሁ፤ ድርብ ሺፍት ስሠራ፣ አሮጊቶቹን ሳነሣና ሳስተኛ መርፌ የምይዝበት ጊዜ አልነበረኝም። በዚያን ጊዜ ስኔሊንግ ላይ ዛሬ ያለው የኛ ሰው ምግብ ቤት ሁሉ የለም። ከአውቶቡሱ ወርጄ በነፋሱ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ስሄድ ሰው መነኩሲት መስዬው መንገድ ይለቅልኝ ነበር። ሜሮን ያደገችው እንደዚያ ነው፤ እናቷ ነጭ የሥራ ዩኒፎርም ለብሳ ስትወጣና ስትገባ እያየች። ቁልፍ ስተክል አይታኝ ይሆናል። ከዚያ ያለፈ አታውቅም።

የስፌት መኪናው ከገባ በኋላ ከቤቱ ዕረፍት ጠፋ። ሜሮን ከሥራ መጥታ ልብሷን ሳትቀይር ቤዝመንት ትወርዳለች። መኪናው ጥቂት ይንጫጫል፣ ከዚያ ይቆማል። ከዚያ «ኦ ካም ኦን!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ክር ሲበጠስ ከላይ ሆኜ አውቃለሁ። መርፌ ሲሰበር አውቃለሁ። ጨርቁን ስለምትጎትተው ነው። ክሩንም ከልክ በላይ አጥብቃዋለች፤ ስፌቱ እንደ አሮጊት ግንባር ይጨማደዳል። ወርጄ እንዲህ አድርጊ ማለት ለእኔ ምንም አልነበረም። አልወረድኩም። ማቀዝቀዣው ላይ የዚያን አገር ቋንቋ በትናንሽ ወረቀት ጽፋ ለጥፋለች፤ «ሙሊ ብዋንጂ» ማለት «እንደምን ናችሁ» ነው። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር አገሩ ሰላም ይለኛል። የቢጫ ወባ ክትባት ተወጋች፣ ክንዷ አብጦ መጣ። የወባ ኪኒን ገዛች። አጎበር ገዛች፤ ሳሎን ውስጥ ዘርግታ ከውስጡ ቁጭ ብላ ሳቀችልኝ። እኔ ደጁን ጠረግኩ፣ ጋራዡን ጠረግኩ፣ የጎረቤታችንንም ደጅ ጠረግኩ።

ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ ነገር ነገረችኝ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ የሆነችው አሜሪካዊት ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት የሁሉንም ሥራ ታያለች። የምትሄደው ልጅ ሰፍታ ማሳየት፣ መኪናውንም ማስተካከል አለባት። ካልቻለች እዚሁ ሴንት ፖል ቢሮ ውስጥ ትረዳለች እንጂ አትሄድም።

«ካልቻልኩ እቀራለሁ» አለች።

«ቢሮውም ሥራ ነው» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቤዝመንት ወረደች። እኔም ጸሎቴ ላይ ቆሜ፣ ምን እንደምለምን አላወቅሁም። ልጄ የፈለገችው እንዲሳካላት ልለምን ስል አፌ ይዘጋል፤ እንዳይሳካላት ልለምን ደግሞ ፈራሁ። «አንቺ ታውቂያለሽ» ብዬ ለእመቤታችን ተውኩት።

በዚህ መካከል ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። ከቅዳሴ በኋላ ከታች አዳራሹ ውስጥ ምሳ ስንበላ ዘነበች ሰሃኗን ይዛ አጠገቤ ዘፍ አለች። ዘነበች የማኅበራችን ሰብሳቢ ናት፤ ናይሮቢ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የኖርን፣ አሁን ዉድበሪ ከልጇ ጋር የምትኖር። ቀስ ብላ ማውራት አታውቅም።

«አስኩ! ሜሪ አፍሪካ ልትሄድ ነው አሉ!»

«አዎ፣ እግዚአብሔር ካለ።»

«እልል! ታዲያ ለወንድሜ ልጅ አንድ ጫማ አለችኝ። ትንሽ ናት።»

«ማላዊ እኮ ነው የምትሄደው፣ ዘነቡ።»

«በየት በኩል?»

«በአዲስ አበባ ታልፋለች። ግን ከኤርፖርት አትወጣም።»

«እንግዲያስ! እሱ ኤርፖርት ድረስ ይመጣላታል። ብቅ ብላ ማቀበል ብቻ ናት።»

ከፊታችን አደይ ለተብርሃን ተቀምጠው ነበር። አስመራ አማርኛ ተምረው ያደጉ፣ ፊሊፕስ የሚኖሩ እናት ናቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ «ዘነበች፣ ኤርፖርቱን የአጥር ቀዳዳ አደረግሽው እኮ» አሏት። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። በሚቀጥለው እሑድ ግን እሳቸው ራሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ መነጽር ይዘው መጡ። «አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ነው። ክብደት የለውም» ካሉ በኋላ ዝቅ ብለው፣ «በቀዳዳው ይገባል» አሉኝ።

የእኛ ሰው ነገር ይታወቃል። አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ሻንጣው የራሱ አይደለም። እኛም ስንመጣ፣ ስንልክ፣ ሲላክልን የኖርነው በሰው ሻንጣ ነው፤ የሜሮን አባት የሙት ዓመት ጊዜ ለዝክሩ የሚሆነው በርበሬ የመጣልኝ በማላውቀው ሰው ሻንጣ ነበር። እንቢ ማለት የለም። ስለዚህ ለጉልበት የሚሆን ቫይታሚን ተቀበልኩ። ጂንስ ሱሪ ተቀበልኩ፣ የሕፃን ካፖርት፣ ሽቶ፣ የስኳር በሽታ መለኪያ ተቀበልኩ። የሜሮን ሻንጣዎች ሳሎኑ ጥግ ተከፍተው ነበር፤ እየሄድኩ ከስር ደረደርኩበት። እውነቱን ለመናገር ሻንጣው ሲሞላ ልቤ ትንሽ ያርፍ ነበር። ለምን እንደሆነ አላሰብኩበትም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሜሮን ከሥራ ቀደም ብላ መጣች። ዝናብ ይዘንባል። የሚሰፋውን ፍላኔል ጨርቅ፣ ቁልፍና መቀስ ይዛ ወደ ሻንጣው ሄደች። የዘነበችን ጫማ አወጣችው። እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከውስጡ ጠጉር ያለው የበረዶ ቡትስ ነው።

«እማ፣ አዲስ አበባ ስኖው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«የዘነበች ነው።»

ቫይታሚኑን አወጣች። ካፖርቱን አወጣች። ምንጣፉ ላይ እየደረደረች ሄደች፤ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ጨርቁ የት ይገባል? ሻንጣዎቹ ለጨርቁ ነበሩ። እኔ የምለብሰውን በጀርባዬ ነው የምይዘው። ነግሬሽ ነበር።»

«ሰው ዕቃ ሰጥቶ እንዴት ይመለስበታል? ነውር ነው።»

«ኦኬ» አለች። ቡትሱን ታቅፋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «ለነገሩ ነገ ሰፍቼ ማሳየት አልችልም። የሰፋኋቸው አምስቱም ፓዶች ተበላሽተዋል። ደስ ይበልሽ።»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ፎጣዬን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ልሄድ ስል ከኋላዬ ጠራችኝ።

«እማ። አንቺ በልጅነትሽ ምን ነበር የምትጠቀሚው? አይ ሚን፣ ፓድ አልነበረም አይደል? ጠይቄሽ አላውቅም።»

አልዞርኩም። ይህን ጥያቄ እኔም እናቴን ጠይቄያት አላውቅም፤ ሳልጠይቃት ነው የመለሰችልኝ። ፎጣውን ትከሻዬ ላይ አደረግኩና ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። ሜሮን ተከትላኝ ወረደች። የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጬ ክሩን መዝዤ አወጣሁት፣ ማጥበቂያውን አላላሁት፣ መርፌውን አይቼ ገልብጣ እንደተከለችው አወቅሁ፤ አዙሬ ተከልኩት። እጄ ሁሉንም ያስታውስ ነበር። ከዚያ ሳልዞር፣ እየሠራሁ ነገርኳት። ፊቷን እያየሁ ቢሆን አልናገረውም ነበር።

አንድ ክረምት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተመድቤ ወደ ገጠር ስወጣ አንቺ አሁን ካለሽበት ዕድሜ በብዙ አንስ ነበር አልኳት። ካኪ ሸሚዝና ሸራ ጫማ ተሰጥቶናል። ሸራው ገና ሳይረገጥ ኖራ ኖራ ይሸታል። የጭነት መኪናዎቹ አደባባዩ ላይ ቆመዋል፤ ልጆቹ ከላይ ሆነው ይዘፍናሉ፣ ግማሹ መዝሙር ነው፣ ግማሹ ካድሬው ዞር ሲል የሚዘፈን የፍቅር ዘፈን ነው። እናቶች ከታች ያለቅሳሉ። የእኔ እናት አላለቀሰችም። ጃንጥላዋን አገጯ ስር ይዛ የልብስ ቦርሳዬን ወደ ላይ አቀበለችኝ። «ከስር አለ» አለችኝ። ዳቦ ቆሎ መስሎኝ ነበር።

የምናስተምርበት መንደር ደርሼ ቦርሳዬን ስከፍት ዳቦ ቆሎው ከላይ ነው። በሶው ከላይ ነው። ከስር ለጥምቀት ብቻ የምትለብሰው ነጠላዋ ነበር። ጥለቱን ቆርጣ አስቀርታ፣ ሌላውን ቀዳዳ፣ አጥባ፣ በከሰል ካውያ ተኩሳ፣ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። አንድም ቃል ሳትናገር የሚሆነውን ሁሉ አስባልኛለች።

ከተማሪዎቼ መካከል ጠጂቱ የምትባል ልጅ ነበረች። በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ፊደሉን ሁሉ ከኔ አፍ ቀድማ ትጠራዋለች። አንድ ሰሞን ቀረች። ተመለሰች፣ ደግሞ ቀረች። ያረፍኩባቸውን እማማ ብርቄን ብጠይቃቸው፣ «ሴት ሆናለቻ! ያላት ቀሚስ አንድ ነው፣ ምን ለብሳ ትምጣ?» አሉኝ። በማግሥቱ ማለዳ ወንዝ ስንወርድ ጠጂቱን ጠብቄ ከነጠላው ቁራጭ ሰጠኋት። እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልነገርኳት። ከሰዓት በኋላ በሩ አጠገብ ቦታዋ ላይ ነበረች። ከዚያ የአክስቷ ልጅ ወንዝ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ ሌላዋ። ቁራጩን ደግሞ ቆራረጥኩት። ክረምቱ ሲወጣ የእናቴ የጥምቀት ነጠላ መንደሩ ውስጥ ተበትኖ ነበር። ወንዶች ከማይደርሱበት ቁጥቋጦ ላይ፣ በቀሚስ ተሸፍኖ ሲደርቅ የት እንዳለ እኛ ብቻ እናውቃለን።

ቤት ስመለስ እናቴ ቦርሳዬን ፈታች። እጇን ከስር ድረስ አስገባች። ባዶ ነው።

«የት ሄደ?»

«አለቀ» አልኳት።

ጥቂት አየችኝ። «ደግ» አለች።

ጎረቤታችን ኋላ እንደነገረችኝ ያን ክረምት እናቴ ዝናቡ እየዘነበባት ግቢ ስትጠርግ ነበር የምትውለው። ሰዎቹ አእምሮዋን የነካት መስሏቸው ነበር። ነፍሷን ይማር። እሷ ለምን እንዲህ ሆና እንደሰነበተች የገባኝ እኔም መጥረጊያ ይዤ የሰው ደጅ ስጠርግ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር ሜሮን ቤዝመንቱ ደረጃ ላይ ቡትሱን እንደታቀፈች ተቀምጣ ነበር። ስጨርስ አፍንጫዋን በቡትሱ ጠጉር ጠረገች።

«የዘነበች ነው፣ ተይው» አልኳት።

እያለቀሰች ሳቀች። «እማ፣ አንቺ እኮ ቀድመሽ ሠርተሽዋል! ይሄንኑ ነው የሠራሽው!»

«እኔ ፊደል ነበር የማስተምረው» አልኩ። «ነይ ተቀመጪ።»

ወንበሩን ለቀቅኩላት። ከኋላዋ ቆምኩ። «እግርሽን አቅልዪው። እንዲያ። ጨርቁን አትጎትቺው፤ ራሱ ይሄዳል። አንቺ መንገዱን ብቻ አሳዪው።» የመጀመሪያው ተጣመመ። የሚቀጥለው ጥቂት ተጣመመ። ጠርዙ ሲዞር ፍጥነቷን ቀንሳ መርፌውን ከጨርቁ ሳታወጣ መታጠፍ እንዳለባት እጇን ይዤ አሳየኋት። እጇ የአባቷ እጅ ነው፣ ረጅም ጣት። እራት ሳንበላ ሰማዩ ደነገዘ። መጨረሻ ላይ የሰፋችውን ከመብራቱ ስር ይዤ አገላብጬ አየሁት፤ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ዞሮ፣ ከተነሣበት ገጥሟል።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደግ» አልኳት። ይህኛውን ወዲያው ለየችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሜሮን የሰፋችውን በቦርሳዋ ይዛ ቀድማኝ ወጣች። ከበሩ ላይ አቁሜ ግንባሯን አማተብኩላት። ከዚያ ምንጣፉ ላይ የተደረደረውን ዕቃ ሁሉ ሰብስቤ መኪናዬ ውስጥ ጫንኩና ወደ ዉድበሪ ድራይቭ አደረግኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዘነበችን መጀመሪያ ያደረግኳት እሷን ከቻልኩ ሌላውን እንደምችል ስለማውቅ ነው። ደወሉን ደወልኩ። ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ በሸበጥ ብቅ አለች።

«አስኩ! በሰላም ነው? ምን ሆናችሁ?»

«በሰላም ነው። ዕቃሽን ይዤልሽ መጥቼ ነው።»

«የምን ዕቃ?»

ቡትሱን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«ምነው! ከበዳት? ጫማ እኮ ነው፣ ድንጋይ አይደል!»

«ሻንጣዋ ሞልቷል፣ ዘነቡ።»

«በምን ሞላ?»

ከኋላዋ ልጇ ቁርሱን ሲበላ ይታየኛል። ፊቴ መጋል ጀመረ። ይህን ቃል ለእናቴ አላልኩትም፣ ለባሌ አላልኩትም፣ ልጄንም እግሬን አሞኛል እያልኩ ነው ያሳደግኳት።

«በወር አበባ ጨርቅ» አልኳት። «ለተማሪ ልጆች። ሲመጣባቸው ትምህርት እንዳይቀሩ።»

ዘነበች ቶሎ ዞራ ልጇን አየችና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ወደ ደጁ ወጣች። እርጥቡ ደረጃ ላይ፣ እሷ በሸበጧ፣ ቆመን ተያየን። ናይሮቢ የተከራየናት ክፍል ትዝ ብሏት ይሁን አላውቅም፤ እኔ ትዝ ብሎኝ ነበር። ሁለታችንም እዚያ ጨርቃችንን ከአልጋው ስር ነበር የምናደርቀው፤ አንዳችን ለአንዳችን ሳንናገር።

ቡትሱን ተቀበለችኝ።

«እዚሁ ቁሚ» ብላ ገባች። ስትመለስ የተጣጠፈ የፍላኔል አንሶላ ይዛለች፤ ወፍራም፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ፣ ለስላሳ። በሁለት እጇ ሰጠችኝና ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዘነበች ድምፅዋን ስትቀንስ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

«ከስር አድርጊው» አለችኝ።

«አይ» አልኳት፤ «ከላይ ነው የማደርገው።»

አንሶላውን ከፊት ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ቀጥሎ የምመልሰው የአደይ ለተብርሃንን መነጽር ነበር። መኪናዬን አስነስቼ ወደ ፊሊፕስ ሄድኩ።